«ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል ያለሽ ማነው?»፦ ጂአርኢን ደግሜ የተፈተንኩበት ክረምት

ኅዳር 2017 ላይ፣ ለውጭ አገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱትን ጂአርኢ ተፈትኜ፣ አዲስ አበባ ከሚገኘው የፈተና ማዕከል ቨርባል (የእንግሊዝኛው ክፍል) 147፣ ኳንት (የሒሳቡ) 152 ይዤ ወጣሁ። ለእናቴ ደወልኩላት። «መቶ ሃምሳ ሁለት? ከስንት?» አለችኝ። «ከ170» አልኳት። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለች በደስታ። የጂአርኢ ዝቅተኛው ነጥብ 130 እንደሆነ፣ ሁሉንም ጥያቄ የሳተ ሰው እንኳ ከዚያ እንደማይወርድ ለማስረዳት አቅሙም ልቡም አልነበረኝም። «ደክሞኝ ነው እማዬ» ብዬ ዘጋሁት።

ጅማ ነው የምኖረው፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ። ሥራዬ ከውሃና ከረግረግ መሬት ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ ለዶክትሬት ላመለክት ካሰብኩባቸው ትምህርት ክፍሎች ሁለቱ ጂአርኢ ይጠይቁ ስለነበር ነው የገባሁበት። መጀመሪያ ይህን ልበል፦ ብዙ ትምህርት ክፍሎች ፈተናውን መጠየቅ ትተዋል። ድጋሚ ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበትን ክፍል የራሱን ገጽ አንብቡ፣ ግልጽ ካልሆነ ኢሜይል ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው «አያስፈልግም» ብሎ ክፍሉ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተቃራኒውም አለ። እኔ ይህን ያጣራሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ክፍያው ደግሞ 220 ዶላር ነበር። ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፍሎልኝ በብር ስመልስለት የሁለት ወር ደሞዜ ሄዷል።

ያን ጊዜ ተዘጋጅቼ አልነበረም እንዳልል ተዘጋጅቻለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አንድ ሺህ የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት በወረቀት ቁራጭ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ቃሉን፣ ጀርባው ላይ የአማርኛ ትርጉሙን ጽፌ ሸምድጃለሁ። ባጃጅ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ቡና ሲፈላ፣ ሁሌም በእጄ ነበሩ። ሒሳቡን «ኢንጂነሪንግ ተምሬ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያቅተኛል?» ብዬ ናቅኩት። ጥያቄ እሠራለሁ፣ መልሱን አያለሁ፣ ያገኘሁትን ራይት፣ የሳትኩትን ኤክስ አደርግና ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ። ኤክስ ያደረግኩት ጋ ግን ተመልሼ አላውቅም።

በዚያ ላይ ጉዞው አለ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን፣ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት፣ ወልቂጤን አልፈን አመሻሽ ላይ ገባን። መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶ ሁለት ሰዓት ቆመናል። በማግስቱ ጠዋት ወገቤ እንደተቆረጠ፣ ጆሮዬ እንደጮኸ ፈተናው ላይ ተቀመጥኩ። ኳንቱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ አራተኛው ጥያቄ የፕሮባብሊቲ ነበር። እንደምችለው አውቃለሁ፣ ስለማውቅም እልህ ያዘኝ። አምስት ደቂቃ ግድም በላብኝ። 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ በሚሠራበት ክፍል አምስት ደቂቃ ማለት ሦስት ጥያቄ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስቱ ሳይነኩ ሰዓቱ አለቀ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ እንደማይቀነስ አውቅ ነበር። በጭፍንም ቢሆን መንካት ነበረብኝ፣ ግን ወደነሱ አልደረስኩም።

በሕጉ መሠረት ከ21 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል፣ በ12 ወር ውስጥም እስከ አምስት ጊዜ። ጓደኞቼ «ቶሎ ድገሚው፣ ሳይረሳሽ» አሉኝ። የሚረሳ ነገር እንዳልነበረኝ አሁን ይገባኛል። እንኳን ገንዘብ አጣሁ እላለሁ፤ ባገኝ ኖሮ በ22ኛው ቀን ሄጄ ያንኑ ነጥብ ይዤ እመለስ ነበር። የዚያ ዓመት የማመልከቻ ጊዜ አለፈኝ። ወረቀቶቹን በፌስታል አስሬ አልጋ ሥር ከተትኳቸው።

ግንቦት ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ከተከራየሁበት ግቢ አጠገብ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አከራዬ እሑድ እሑድ ቡና ስታፈላ ይመጣሉ። በረንዳው ላይ በጅማ በርጩማ ተቀምጠው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እኔ ጉልበቴ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ሲያዩኝ «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ኤክስ ከ1 ያንሳል። «ሀ» የኤክስ ስኩዌር ነው፣ «ለ» ኤክስ ራሱ። የትኛው ይበልጣል?

«ቀላል ነው ጋሼ። ግማሽን ስኩዌር ቢያደርጉት ሩብ ነው። ሩብ ከግማሽ ስለሚያንስ ‹ለ› ይበልጣል» አልኳቸው።

ስኒውን አስቀመጡ። «ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል ያለሽ ማነው?»

ዝም አልኩ።

«ማን ነገረሽ? ወረቀቱ ላይ አለ?»

የለም። ኤክስ ኔጌቲቭ 2 ቢሆን ስኩዌሩ 4 ነው፣ «ሀ» ይበልጣል። ዜሮ ቢሆን እኩል ናቸው። ግማሽ ቢሆን «ለ» ይበልጣል። መልሱ «በተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም» የሚለው አራተኛው ምርጫ ነው። አከራዬ ሁለተኛውን እየቀዳች «አንቺ ልጅ፣ ያልተባለውን እየሰማሽ ነዋ!» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያንን ጥያቄ ዓይነት ኅዳር ላይ ስንት ጊዜ እንደሳትኩት እያሰብኩ ነበር።

ጋሼ የሰጡኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «የሳትሽውን አትሰርዢ፣ ጻፊው። ለምን እንደሳትሽው በአማርኛ ጻፊው።» በአማርኛ ያሉት አስተማሪ ስለሆኑ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ግን ዋናው ነገር እሱ ሆኖ ተገኘ። በእንግሊዝኛ ስጽፍ የመጽሐፉን ማብራሪያ ነበር የምገለብጠው። በአማርኛ ሲሆን የሚገለበጥ ነገር ስለሌለ የራሴን ጥፋት ለራሴ መናዘዝ ግድ ይሆናል።

ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። በየገጹ አንድ ጥያቄ፦ ከላይ ጥያቄው፣ ቀጥሎ የመረጥኩት፣ ቀጥሎ «ለምን መረጥኩት»፣ መጨረሻ ላይ «ምን ባይ ኖሮ አልስተውም ነበር»። በመጀመሪያው ሳምንት «ለምን መረጥኩት» የሚለው ቦታ ላይ ደጋግሜ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ «ቸኩዬ»። አሥር ገጽ ሙሉ ቸኩዬ፣ ቸኩዬ። ጋሼ ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩትና «ይሄ ምክንያት አይደለም፤ ሲቸኩሉ ሁሉንም አይስቱም። ይሄኛውን ለምን ሳትሽው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቸኩዬ» የሚለውን ቃል ከደብተሩ አገድኩት። ሲታገድ እውነተኛው ምክንያት መውጣት ጀመረ፦ «ሙሉ ቁጥር ነው ብዬ ገመትኩ»፣ «የተጠየቀው የጨመረበት መጠን ነው፣ እኔ ጠቅላላውን መለስኩ»፣ «ሥዕሉ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚመስል 90 ዲግሪ አልኩት፣ አልተባለም»።

በሰኔ መጨረሻ ቆጠርኩት። ኳንት ላይ የሳትኳቸው 94 ነበሩ። 37ቱ ያልተሰጠ ነገር ገምቼ ነው። 21ዱ የተጠየቀውን ትቼ ሌላ መልሼ ነው። 19ኙ የስሌት ስህተት ነው፣ አብዛኛው ስክሪኑ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ለማያስፈልግ ነገር ስጠቀም በአይጧ የተሳሳተ ቁጥር ነክቼ። ሒሳቡን ባለማወቅ የሳትኩት 17 ብቻ ነው። እኔ ግን የቀረኝን ገንዘብ ሒሳብን ከሥሩ ለሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ ልከፍል ነበር! ለ17ቱ ካን አካዳሚ ላይ ያሉት ነጻ ቪዲዮዎች በቂ ነበሩ፣ በሁለት ሳምንት ጨረስኳቸው። ለ37ቱ መድኃኒቱ የብጣሽ ወረቀቱ ጥግ ላይ አምስት ነገር መጻፍ ሆነ፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ኔጌቲቭ፣ ክፍልፋይ፣ ትልቅ ቁጥር። ማነጻጸሪያ ጥያቄ ሲመጣ ቢያንስ ሦስቱን ሳልሞክር መልስ አልነካም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

የእናንተ ቁጥር የተለየ ይሆናል። ስሌት ላይ የምትወድቁ ካላችሁ የእኔ አምስት ቁጥሮች ምንም አይጠቅሟችሁም። ለዚህ ነው ነጥቡን ይዞ ከመጨነቅ ደብተሩን መቁጠር ይቀድማል የምለው፤ «152» የሚለው ቁጥር የት እንደሳትኩ አልነገረኝም።

ቨርባሉ ግን የባሰ ነበር፣ ምክንያቱም ስህተቱ የመጣው ከጉብዝናዬ ነው። እነዚያ አንድ ሺህ ቃላት! እያንዳንዱን በአንድ የአማርኛ ትርጉም ነበር የያዝኩት። «ኳሊፋይ» ማለት ብቁ መሆን። «ሳንክሽን» ማለት ማዕቀብ። «ቼክ» ማለት ማረጋገጥ። «ኢኮኖሚ» ማለት ያው ኢኮኖሚ። ይህ ፈተና ደግሞ የሚወደው ሁለተኛውን ትርጉም ነው። አንድ ሃያሲ አድናቆቱን «ኳሊፋይ» አደረገ ሲባል ገደብ አበጀለት፣ አለዘበው ማለት ነው። «ሳንክሽን» ማጽደቅም፣ መቅጣትም ይሆናል። «ቼክ» መግታት ነው። የአጻጻፍ «ኢኮኖሚ» ደግሞ ቁጥብነት። እኔ የማላውቃቸውን ረጃጅም ቃላት ስሸመድድ የጣሉኝ በየቀኑ የምጠራቸው አጫጭሮቹ ናቸው። ወረቀቶቹን ከፌስታሉ አወጣሁና ሦስት መቶ ያህሉን አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩ። ለያዝኳቸው ሁለተኛ ትርጉምና አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩባቸው።

ባዶ ቦታ ሙላ የሚለው ላይ ደግሞ ምርጫዎቹ ያታልሉኝ ነበር። ሁለት ወይም ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ጥያቄ ሁሉንም ካላገኛችሁ ነጥብ የለውም፣ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር አይሠራም። ስለዚህ ምርጫዎቹን በእጄ ሸፍኜ ባዶው ቦታ ላይ መጀመሪያ የራሴን ቃል፣ በአማርኛ፣ አስገባለሁ። ዓረፍተ ነገሩ «ምንም እንኳ» ብሎ ከጀመረ መጨረሻው መገልበጥ አለበት። ለምሳሌ «ቁጡ» የሚል ቃል ይመጣልኛል፤ እጄን አንስቼ ለቁጡ የሚቀርበውን እፈልጋለሁ። አማርኛ ማሰብ ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ። እኔ ላይ ግን ጊዜ የፈጀው አምስቱንም ምርጫ እያዟዟርኩ መሞከሬ ነበር።

ምንባብ ላይ የደረሰብኝን ሳስታውስ አሁንም ያሳፍረኛል። አንድ የመለማመጃ ምንባብ ስለ ረግረግ መሬት ሆኖ መጣ። ደስ አለኝ፤ ቦዬ ረግረግ ዳር ቦቲ ጫማ አድርጌ፣ ጉማሬ ይወጣ ይሆን እያልኩ በአንድ ዓይኔ እየጠበቅኩ ናሙና ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። አራት ጥያቄ ነበረው፣ ሦስቱን ሳትኩ። ጸሐፊው የሚለው አንድ የቀድሞ ጥናት የናሙና አወሳሰዱ ያጠራጥራል ብቻ ነበር። እኔ የመረጥኩት «ረግረግ መሬት ውሃን ያጣራል» የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ስለዚያ መጻፍ እችላለሁ። ምንባቡ ውስጥ ግን የለም። ደብተሩ ላይ «ያልተባለውን ሰማሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ የአከራዬ አባባል ነው። ከኤክስና ከዜሮ ጋር አንድ ዓይነት በሽታ መሆኑ ያን ዕለት ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ መልስ ስመርጥ ጣቴን መስመሩ ላይ አደርጋለሁ፤ ጣቴ የሚያርፍበት መስመር ከሌለ አልመርጠውም።

የፈተናው የጽሑፍ ክፍል ላይ ብዙ አልደከምኩም። ከመስከረም 2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፈተናው ሲያጥር አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው የቀረው፣ 30 ደቂቃ። መጻፊያው የፊደል ስህተት አያርምም፤ ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ላይ ማረሚያውን አጥፍታችሁ ተለማመዱ። ከ3.0 ወደ 3.5 ወጣሁ፣ ይበቃኛል።

የሰዓት ልምምዱን በተመለከተ፦ የፈተናው ባለቤት ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ የሚባሉ ሁለት ነጻ ሙሉ ፈተናዎች አሉት፣ ከእውነተኛው ጋር የሚቀራረብ ሌላ አላየሁም። አንዱን በመጀመሪያው ጊዜ በከንቱ ፈጅቼዋለሁ። ሁለተኛውን እስከ ነሐሴ አጋማሽ አልነካሁትም። ስሠራው ዕቃዬን ሁሉ እንደ ፈተናው ቀን አደረግኩ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ስልክ ሌላ ክፍል፣ ውሃ የለ፣ ቡና የለ። አንደኛው ቨርባል መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ዋይፋዩ ግን ሄደ። ቤት ሆኖ የመፈተን ሐሳቤን ያን ቀን ተውኩት። ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል፣ ዋጋውም ያው ነው፣ በካሜራ እያዩ ይፈትኗችኋል፣ በብጣሽ ወረቀት ፋንታ ትንሽ የሚጠፋ ነጭ ሰሌዳ ትጠቀማላችሁ። አስተማማኝ መብራትና ኢንተርኔት ላለው ሰው የጊቤን ዳገት ያስቀርለታል። እኔ ግን 220 ዶላር በትራንስፎርመር ላይ አላስይዝም አልኩ።

የጊዜ አጠቃቀሜ ላይ የወሰንኩት አንድ ነገር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከባዱም ቀላሉም ጥያቄ እኩል ነው የሚቆጠረው። ቨርባሉም ኳንቱም ሁለት ሁለት ክፍል አላቸው፤ የመጀመሪያው ክፍል ውጤታችሁ ደግሞ የሁለተኛውን ከባድነት ይወስናል። ስለዚህ እልህ የምታስገባ ጥያቄ ስትመጣ ሁለት ደቂቃ ካለፈኝ ግምቴን እነካለሁ፣ ምልክት አደርግባታለሁ፣ እሄዳለሁ፤ ጊዜ ከተረፈኝ በዚያው ክፍል ውስጥ መመለስ ይቻላል። መጀመሪያ ግምቱን መንካት፣ ከዚያ ምልክቱን። ቅደም ተከተሉን የምደጋግመው ባዶ ትታችሁ ምልክት ብቻ ካደረጋችሁ ኅዳር ላይ የደረሰብኝ ስለሚደርስባችሁ ነው። ሌላም በቀላሉ የምትታለፍ ነገር፦ ምርጫው ክብ ከሆነ መልሱ አንድ ነው፣ አራት ማዕዘን ከሆነ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ደብተሬ ውስጥ በዚህ ብቻ የሳትኳቸው ስድስት አሉ።

መስከረም 2018 ላይ ፈተናው ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀድሜ ወጣሁ። አንዱን ቀን አክስቴ ቤት ተኝቼ፣ ሌላውን ማዕከሉን ድረስ ሄጄ የታክሲውን መንገድ አይቼ ተመለስኩ። ፓስፖርቴን ስመዘገብ ከሞላሁት ስም ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት፤ የአያት ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶባት በር ላይ የተመለሰች ልጅ ስለማውቅ ነው። ደብተሩን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ግን የመጨረሻዎቹን አሥር ገጾች ብቻ አነበብኩ፣ አዲስ ጥያቄ አልሠራሁም።

ፈተናው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ብጣሽ ወረቀቱ ሲሰጠኝ ኳንቱ እስኪመጣ ጠብቄ አምስቱን ጻፍኩ። ሁለተኛው ኳንት ከበድ ብሎ መጣ፤ ፈራሁ፣ ግን ከበደ ማለት የመጀመሪያው ጥሩ ሄዷል ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሁለት ጥያቄ በግምት ነክቼ አለፍኩ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ውጤቱን ማየት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቨርባል 154፣ ኳንት 163።

የመጀመሪያው ውጤት ይታይብኛል ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ አይታይባችሁም። የቅርቡን ብቻ መርጦ መላክ ይቻላል፤ በፈተናው ዕለት ለአራት ተቋም ያለተጨማሪ ክፍያ ትልካላችሁ። ስለዚህ የአራቱን ስም ቀድማችሁ ወስናችሁ ሂዱ፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ማሰብ አይመችም። ውጤቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ለአገር ውስጡ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ የሥራ ባልደረባዬም ደብተሩን አይቶ የራሱን ጀምሯል፤ እሱ ጋ ደግሞ ብዙው ስህተት ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አለማንበብ ሆኖ ወጣ።

ከማዕከሉ ስወጣ ከእናቴም በፊት የደወልኩት ለጋሼ ነው።

«ስንት አመጣሽ?»

«መቶ ስልሳ ሦስት፣ ጋሼ። ሒሳቡን።»

«ከ170?»

«ከ170።»

«ሰባቷን የት ጣልሻት? የሳትሽውን አሳዩሽ?»

«ጥያቄዎቹን አያሳዩም፣ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሁለት መቶ ምናምን ዶላር አስከፍለው?» አሉኝ። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው!»